ሰርተፍኬቱ የግሩፑ ነው፣ ቱቦውስ የማነው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ጊዜ ጥያቄዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቤት ገብተዋል፣ ሁሉንም የላኩት በተለያየ አገር ፋብሪካ ባለው ግሩፕ ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፣ ጉዳያቸውም የአካባቢ ጥበቃ ነው። እኔም በዚሁ ስራ ብዙ ዓመት ስለከረምኩ አጠር አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም፣ ታገሱኝ። ቀኖቹና ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ብረት የሚለብጥና ቀለም የሚቀባ ፋብሪካ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሰባት ወሬ ነው። ግሩፑ አስራ አንድ አገር ፋብሪካ አለው። ከዋናው መስሪያ ቤት 140 ገጽ ማኑዋል ተላከልኝ፣ በየወሩ ደሞ 63 ኮለም ያለው ኤክሴል ሞልቼ እልካለሁ። ችግሩ ማኑዋሉና እዚህ ያለው ህግ አይገጥሙም፣ አንዳንዱ ላይ ህጉ የበለጠ ጥብቅ ነው አንዳንዱ ላይ ማኑዋሉ። ማኔጀራችን "ህጉን ካሟላን ምን ጎደለን፣ እነሱ እዛ ሆነው የኛን ጉድ መች ያውቃሉ" ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ከሁለቱ የጠበቀውን። ህጉ ከጠበቀ ህጉን፣ ማኑዋሉ ከጠበቀ ማኑዋሉን፣ አጭሩ መልስ ይሄው ነው። ማኔጀርሽ "ህጉ ይበቃል" ሲል አንድ ነገር ረስቷል፣ ግሩፑ አይኤስኦ 14001 (ዓለም አቀፉን የአካባቢ ጥበቃ አስተዳደር ደረጃ) ይዣለሁ ካለ እዛ ውስጥ ግዴታ የሚባለው የመንግስት ህግ ብቻ አይደለም፣ ድርጅቱ ራሱ ወዶ የገባበት ነገርም ግዴታ ነው፣ የግሩፑ ማኑዋል በይው ከደንበኛ ጋር የተፈረመ ውል በይው ለፋብሪካው ጎረቤቶች የተገባ ቃል በይው፣ አንዴ ከተቀበላችሁት ኦዲተሩ እኩል ይጠይቃችኋል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው 14001 ሲባል የጭስና የፍሳሽ ልክ በቁጥር የተጻፈበት ይመስለዋል። የለበትም። መጀመሪያ 1996 ወጣ፣ 2004 እና 2015 ላይ ተሻሻለ፣ በአንዱም እትም "ከዚህ ሚሊግራም በላይ አትልቀቁ" የሚል አታገኚም። የሚለው የምታደርሱትን ጉዳት እወቁ፣ ግዴታችሁን እወቁ፣ ግብ አስቀምጡ፣ ለኩ፣ የተበላሸውን አርሙ ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ከህጉ፣ ከስራ ፈቃዳችሁና ከግሩፑ ነው።

የማኔጀርሽ ሁለተኛው አባባል ግን እውነት አለው። ይሄን የምልሽ "እዛ ሆነው" ከሚባሉት አንዱ ስለነበርኩ ነው።

አንድ ጊዜ ከፋብሪካዎቻችን አንዱን ልጎበኝ ሄድኩ። የአሲድ ታንከሮቹ የኮንክሪት ገንዳ ውስጥ ነው የተቀመጡት፣ ታንከር ቢቀደድ ፈሳሹ እዛው እንዲቀር ማለት ነው (ብዙ ቦታ የሚሰራበት ልክ ገንዳው የትልቁን ታንከር 110 በመቶ እንዲይዝ ነው)። ገንዳው ጥግ ላይ የዝናብ ውሃ ማስወጫ ቫልቭ አለ። ይሄ ቫልቭ ሁሌ ዝግ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ገንዳው ወንፊት ነው። ሄጄ ሳይ ተከፍቷል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ ሽቦው ራሱ ዝጓል። ደሜ ፈላ። የቼክሊስቱን ፋይል አምጡ አልኩ፣ የሁለት ዓመት ወረቀት መጣ፣ አንድ ቀን ያልተዘለለ፣ ሁሉም ላይ ራይት። የሚሞላውን ሰውዬ ዛሬ አይለቀኝም ብዬ ሳፈጥበት እሱ ረጋ ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ። እኛ ዋናው መስሪያ ቤት ቁጭ ብለን የጻፍነው ጥያቄ "ቫልቩ በመደበኛ ሁኔታው ላይ ነው?" ይላል። ሰውዬው እውነቱን ነው የመለሰው፣ እዛ ዝናቡ አያባራም፣ ገንዳው በሁለት ቀን ጢም ይላል፣ ውሃውን የሚያወጡበት ፓምፕ የላቸውም፣ ስለዚ ለነሱ መደበኛው ክፍት ነው! እኛ ጋ ደሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርቱ አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ ነበር። ጥያቄውን "ቫልቩ ዝግ ነው?" ብለን ቀየርነው፣ ፓምፕ ገዛንላቸው፣ የተጠራቀመው ዝናብ አሲድ እንደሌለበት ተፈትሾ ብቻ እንዲወጣ አደረግን፣ ሽቦውን እኔ ይዤው መጣሁ፣ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ከዛ በኋላ የያዝኩት አቋም፣ በሁሉም ፋብሪካ አንድ መሆን ያለበት ጥያቄውና አለካኩ ነው፣ መልሱ እንደየቦታው ይሁን። አደጋ ሲደርስ በስንት ሰዓት ለማን ይደወላል፣ "ፈሰሰ" የሚባለው ከስንት ሊትር ጀምሮ ነው፣ የትኛው ኬሚካል በር አያልፍም፣ ምን ሲበላሽ መስመሩ ይቆማል፣ እነዚ ላይ ድርድር የለም፣ የትም አገር አንድ ነው። ግቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ "ሁሉም ፋብሪካ ውሃ በ10 በመቶ ይቀንስ" የሚል ታርጌት ብዙ ግሩፕ ላይ አይቻለሁ፣ ለስላይድ ያምራል፣ ለስራ ግን አይረባም። ውሃ እንደ ካርቦን አይደለም። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የትም ቢወጣ ያው ሰማይ ነው የሚገባው፣ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ግን ወንዙ ሞልቶ ከሚያልፍበት ቦታ ሲቀዳና ጎረቤቱ በጉድጓድ ውሃ ከሚኖርበት ደረቅ ቦታ ሲቀዳ አንድ አይደለም። የዓለም ሃብቶች ኢንስቲትዩት አኩዌደክት የሚባል የውሃ ስጋት ካርታ አለው፣ በነጻ ነው፣ ፋብሪካዎቹን እሱ ላይ አስቀምጦ ከባዱን ግብ ለደረቁ ቦታ መስጠት የአንድ ከሰዓት ስራ ነው።

ማኔጀርሽ "ህጉ ይበቃል" ካለ ደሞ ሁለት ስም ጥቀሺለት። ሴቬሶ፣ ጣሊያን፣ ሐምሌ 10 ቀን 1976፣ ቅዳሜ ነበር፣ የስራ ሳምንቱ አልቆ ሪአክተሩ (ኬሚካል የሚዋሃድበት ጋን) ውስጥ የቀረው ኬሚካል ራሱን በራሱ ግሎ በግፊት አመለጠና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያለበት ደመና ሰው ላይ ወረደ፣ ፋብሪካው የስዊዘርላንዱ የሆፍማን ላ ሮሽ ግሩፕ ነው፣ ሰዉ ግን ምን እንደወረደበት በትክክል እስኪነገረው ቀናት ፈጀ። አውሮፓ የከባድ አደጋ መከላከያ መመሪያውን በ1982 ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል። ቦፓል፣ ህንድ፣ ታህሳስ 1984፣ መርዛማው ጋዝ ከፋብሪካው ታንክ ያመለጠ ሌሊት ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ሲስተም ጠፍቷል፣ ጋዙን አቃጥሎ የሚያስወግደው ማማ ለጥገና ተፈቷል። የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ የፋብሪካው ባለቤት በሆነው የህንድ ኩባንያ ውስጥ 50.9 በመቶ ድርሻ ነበረው፣ ክሱ ሲመጣ ግን ህንድ ያለው ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ እዛ ሌሊት የተነፈሰው ሰው የባለቤትነት ድርሻ ስንት እንደሆነ ምን ያደርግለታል።

ወደ ስራሽ ልመለስ። 140 ገጹን ተይውና አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ስሪ፣ ርዕሱ፣ ህጉ የሚለው፣ ማኑዋሉ የሚለው፣ የጠበቀው የቱ እንደሆነ፣ ዛሬ እኛ የምናደርገው፣ የሚጠየቅበት ሰው። ማኑዋሉ የሚለውን ማድረግ የማትችሉበት ቦታ ካለ በጽሁፍ "ይሄ እዚህ አይሰራም፣ በምትኩ ይሄን እናደርጋለን" ብላችሁ ላኩና አስጸድቁ። ዋናው መስሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እምቢ አይልም፣ እኔ ለምሳሌ እንደዚ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ደስ ነበር የሚለኝ፣ ማኑዋሉን ያነበበ ሰው አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም። ግሩፓችን በ25 ፋብሪካ ስም አንድ የ14001 ሰርተፍኬት ነው ያለው፣ የኛ ስም ከኋላ አባሪው ላይ 17ኛ ተጽፏል። የውጭ ኦዲተር ግን እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ደንበኛ ሰርተፍኬት ሲጠይቀን ይሄን እንልካለን፣ እኔ ግን እያፈርኩ ነው የምልከው። ህጋዊ ነው ወይስ ጉድ ሊፈላብን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ አትፈር፣ ህጋዊ ነው፣ ግን ሁኔታ አለው። ፋብሪካዎቹ የሚሰሩት ስራ ተመሳሳይ ከሆነና ሁሉም በአንድ ሲስተም በአንድ ማዕከል የሚተዳደሩ ከሆነ ሰርተፍኬት ሰጪው ሁሉንም ሳያይ ናሙና ወስዶ ማየት ይችላል። የናሙናው ስሌት መነሻ የፋብሪካው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው፣ ለ25 መጀመሪያ ላይ 5፣ በየዓመቱ ክትትል ያን በ0.6 አባዝተህ 3፣ በሶስት ዓመቱ ሲታደስ በ0.8 አባዝተህ 4። ስራው አደገኛ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ዋናው ማዕከል ደሞ ሁሌም ይታያል። እንግዲህ 25 ሆናችሁ በዓመት ሶስት ከታየ ዕጣው እናንተ ጋ ሳይደርስ ዓመታት ቢያልፉ አይገርምም።

ማፈር ያለብህ የውጪው ስላልመጣ ሳይሆን የግሩፑ የራሱ የውስጥ ኦዲት መጥቶ የማያውቅ ከሆነ ነው። ናሙናው የተፈቀደው ማዕከሉ ሁሉንም ያያል ተብሎ ስለታመነ ነው፣ እሱ ከሌለ ሰርተፍኬቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሌላ ሰው የማይነግርህ ነገር ደሞ፣ አንዱ ፋብሪካ ከወደቀ የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም፣ መስፈርቱን የማያሟላ አንድ ሳይት ካለ ሰርተፍኬቱ በሙሉ ሊነሳ ይችላል፣ ችግር የተገኘበትን ሳይት በኦዲቱ መሃል "እሱን አውጡልን" ብሎ መገላገልም አይፈቀድም። ይሄን ለአለቃህ ስትነግረው የውስጥ ኦዲት ባጀት ሲፈታ ታያለህ። ደንበኛው በደንብ የሚገባው ከሆነ የመጨረሻ የውስጥ ኦዲታችሁን ቀንና ያልተዘጉ ግኝቶችን ጨምረህ ላክለት፣ ከሰርተፍኬቱ የበለጠ ያምንሃል።

ጥያቄ፦ እኔ በሙያዬ አካውንታንት ነኝ፣ አምና ወደ ግሩፑ የዘላቂነት ሪፖርት ክፍል አዛወሩኝ። ከ30 ምናምን ፋብሪካ የሚመጣውን የነዳጅ፣ የመብራት፣ የቆሻሻ ቁጥር እደምራለሁ። ሂሳብ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም፣ አንዱ ፋብሪካ ቆሻሻው በአንድ ወር በግማሽ ይወርዳል፣ ሌላው ነዳጁ ሺህ እጥፍ ይሆናል፣ ስጠይቃቸው "ልክ ነው" ይላሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ ወደኛ ሰፈር። ሺህ እጥፍ የሆነውን አሁኑኑ ልንገርህ፣ ነጥብና ኮማ ነው። አንዳንድ አገር 1.250 ተብሎ ሲጻፍ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ ሌላው አገር አንድ ነጥብ ሃያ አምስት ነው፣ ኤክሴሉ ደሞ እንደ ኮምፒውተሩ ሴቲንግ ያነበዋል፣ ማንም አልዋሸም። ቀጥሎ መለኪያውን እይ። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546። "ቶን" ብለው የሚልኩልህ አሜሪካ ያሉት 907 ኪሎ ሊሆን ይችላል። የተፈጥሮ ጋዝ በኪሎዋት ሰዓት ሲመጣ ደሞ ከፍተኛው የሙቀት ዋጋ ነው ዝቅተኛው (በጭሱ ውስጥ ያለው የእንፋሎት ሙቀት ተቆጥሮ ነው ሳይቆጠር) ብለህ ጠይቅ፣ ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ነው፣ ያን ያክል ለመቀነስ ስንቱ ኢንጂነር ዓመት ሙሉ ይለፋል። የኔ ምክር ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እንዳይቀይሩ፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥርና መለኪያ እንዳለ ይላኩ፣ የሚቀይር አንድ ሰው ይሁን፣ አንተ።

በግማሽ የወረደው ቆሻሻ ዝቃጭ ይመስለኛል። 100 ኪሎ ዝቃጭ 80 በመቶው ውሃ ከሆነ ደረቁ ነገር 20 ኪሎ ብቻ ነው። መጭመቂያ ማሽን ገዝተው ውሃውን ወደ 60 በመቶ ካወረዱት ያው 20 ኪሎ ደረቅ አሁን 50 ኪሎ ሆኖ ይመዘናል። ጥሩ ስራ ነው፣ የማጓጓዣ ወጪው ቀንሷል፣ መርዙ ግን አንድ ግራም አልቀነሰም። ሪፖርቱ ላይ "ቆሻሻችንን በ50 በመቶ ቀነስን" ተብሎ ሲወጣ አንተ እያወቅክ ዝም ካልክ ያንተ ጥፋት ነው።

ትንሽ መስላ የምታልፍህ ደሞ የማቀዝቀዣ ጋዝ ናት። አር 404ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ወደ 3,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፣ ስለዚ ጥገና የመጣው ልጅ "10 ኪሎ ሞላሁ" ብሎ ወረቀቱን ጥሎ ከሄደ 10 ኪሎ አምልጧል ማለት ነው፣ ያም 39 ቶን ነው፣ 14 ሺህ ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ነው (አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ያወጣል)። ይሄ ቁጥር በመብራት ደረሰኝ ላይ አይመጣም፣ የጥገና ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ሄደህ መሳቢያውን ክፈት።

የአካውንታንት ዓይን የሚያስፈልግበት ዋናው ቦታ ግን ፋብሪካ ሲሸጥና ሲገዛ ነው። የአስተዳደር ሰዎች በጣም የሚበክለውን ፋብሪካ ሸጠው "ልቀታችን በ20 በመቶ ወረደ" ማለት ይወዳሉ። ፋብሪካው እኮ አሁንም ይጨሳል፣ የተቀየረው በሩ ላይ ያለው ስም ነው። የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮሉ (ድርጅቶች ልቀታቸውን የሚቆጥሩበት መመሪያ፣ 2001 ወጥቶ 2004 የተሻሻለው) ለዚህ መልስ አለው፣ እንዲህ ዓይነት ትልቅ ለውጥ ሲኖር የመነሻ ዓመቱ ቁጥር እንደገና ይሰላል፣ የተሸጠው ከድሮውም ይወጣል፣ የተገዛው ለድሮውም ይገባል። መብራት ላይም እንደዛው፣ ከ2015 ጀምሮ ሁለት ቁጥር ነው የሚጠየቀው፣ አንዱ በአካባቢው የመብራት መረብ (ግሪድ) አማካይ ልቀት የሚሰላው፣ ሌላው በተገዛው ውልና ሰርተፍኬት የሚሰላው። ዋናው መስሪያ ቤት የታዳሽ ሃይል ሰርተፍኬት ገዝቶ የፋብሪካውን ልቀት ዜሮ ሲያደርገው ፋብሪካው ቆጣሪውን ማየት ያቆማል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቆጣሪው ወደ ላይ ሪፖርቱ ወደ ታች። እኔ ብሆን ለፋብሪካ ማኔጀሮች የምልከው ገጽ ላይ ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ነው የማስቀምጠው፣ በአንድ ምርት ስንት እንደወጣና በጠቅላላ ስንት እንደሆነ ጎን ለጎን፣ ምክንያቱም በአንዱ ምርት ቀንሶ በጠቅላላው የሚጨምር ፋብሪካ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መጋዘናችን ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ቀለምና ሶልቨንት (ማቅጠኛ ኬሚካል) 40 በርሚል አለ። ድንበር ማዶ ያለው እህት ፋብሪካችን ማቃጠያ ስላለው ወደሱ እንላክ ተባለ። የአንድ ግሩፕ ዕቃ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው! ህጉ የሚያየው ድንበሩን ነው እንጂ ባለቤቱን አይደለም። በ1989 ተፈርሞ ከ1992 ጀምሮ የሚሰራው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ላኪው አገር እንዲያሳውቅ፣ ተቀባዩና መተላለፊያው አገር በጽሁፍ እንዲፈቅዱ ይላል፣ ያለዚያ ህገወጥ ዝውውር ነው። ወረቀቱ ወራት ይፈጃል። አንዳንድ ብልጥ "ቆሻሻ ሳይሆን ጥሬ ዕቃ ብለን እንላክ" ይላል፣ አትስማው፣ ጉምሩክ በርሚሉ ላይ ያለውን ያለፈበት ቀን ማንበብ ይችላል። አሮጌ ኮምፒውተርና ቦርድ ካላችሁም አብራችሁ አስቡበት፣ ከ2025 ጀምሮ አደገኛ የሆነውም ያልሆነውም የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ በዚሁ ስርዓት ውስጥ ገብቷል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ስራ አስኪያጅ ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በሶስት ሳምንት ውስጥ የግሩፑ የአካባቢ ሃላፊ ሊጎበኙን ነው፣ ልጆቹ ግቢውን ቀለም እየቀቡ ነው። ምን ምን ብናሳያቸው ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ፣ ግን ከጠየቁኝ ቀለሙን ያስቁሙት። ከፊት ለፊት በር አስገብተው ስብሰባ አዳራሽ ስላይድ ላይ አያስቀምጧቸው፣ ከኋላ በር ያስገቧቸው፣ የቁርጥራጭ ብረቱ ክምር፣ የዝቃጩ ኮንቴነር፣ ባዶ በርሚሎቹ፣ የዝናቡ ቦይ ከግቢ የሚወጣበት ቦታ። አንድ ጥያቄ እንደሚጠይቁዎት እገምታለሁ፣ እሳት ቢነሳ ማጥፊያው ውሃ የት ነው የሚሄደው? በ1986 ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኬሚካል ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል ራይን ወንዝን ቀይ ያደረገውና አሳውን የጨረሰው ኬሚካሉን አጥቦ የወረደው የእሳት አደጋው ውሃ ነው። ስለዚ ዛሬውኑ አንድ ልጅ የማይጎዳ ማቅለሚያ የተበጠበጠበት አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ መጋዘኑ ወለል ላይ ያፍስሰውና እርስዎ ከቦይው መጨረሻ ቆመው ይጠብቁት፣ ከደረሰ መዝጊያ ለመስራት ሶስት ሳምንት አለዎት።